የመንገደኛው መኪና

አየለ በረንዳው ላይ አጭር በርጩማ ስቦ ተቀምጦ የመኪናውን የጭነት ማሰሪያዎች በሳፋ ውስጥ እያሸ ነው። ድሮ ብርቱካናማ ነበሩ፤ የማርሳቢት መንገድ አቧራ ቀለማቸውን ከበላው ቆይቷል። ውሃውን ደፍቶ ቀየረ፤ እንደገና ደፍቶ ቀየረ፤ አሁንም የሳፋው ውሃ የሻይ መልክ አለው። አንዱን አውጥቶ ይጨምቃል፣ የበረንዳው ብረት ላይ ያሰጣል፣ ወደ ሌላው ይመለሳል። ግራ እግሩን ግን እንደ ዘረጋው ነው። ጉልበቱ ከታጠፈ አይዘረጋለትም፣ ከተዘረጋም አይታጠፍለትም፤ ጠዋት ጠዋት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት።

ከታች የናይሮቢው ኢስትሊ ነቅቶ መጋፋት ጀምሯል። የማታቱ ታክሲ ረዳት የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየደበደበ ተሳፋሪ ይጠራል። የጨርቅ ጥቅል የተሸከመ ሰው በሶማልኛ መንገድ ልቀቁልኝ ይላል፤ ማንም አይለቅለትም።

ሚስቱ ምርቃት ሻይ ይዛ ወጣች። ብርጭቆውን ከአጠገቡ አስቀምጣ የተሰጡትን ማሰሪያዎች አየቻቸው።

«መኪናው ሞቶ ተቀብሯል። ለማን ነው የምታጥባቸው?»

«ለሚመጣው።»

«የሚመጣውን ዛሬ ነው አይደል የምትመርጡት?»

«ዛሬ ነው። አሁን መጥተው ይወስዱኛል።»

ምርቃት የበሩን ፍሬም ተደገፈች። «ስማኝ አየለ። አዲሱን ምረጡ። ያንን አሮጌ ከገዙ፣ አንተም አብረህ ተገዛህ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅማ መቼም ታውቃለህ። ተናገር ነው የምልህ።»

አየለ ወደ ሳፋው ጎንበስ አለ። የመጨረሻውን ማሰሪያ ጨመቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድራቸው እዚህ ኬንያ የሞተ አባል ሲኖር፣ ቤተሰቡ ከፈለገ፣ ወደ አገሩ አፈር ይሸኘዋል። በአውሮፕላን የሚሄድ አለ፤ የሚበዛው ግን በመኪና እስከ ሞያሌ ይሄዳል። ኬላው ላይ ከወዲያ የመጣ መኪና ይጠብቃል፣ ሣጥኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከዚያ ወዲያ መሪው በግራ ነው፣ መንገዱ በቀኝ ነው፤ የናይሮቢ መኪና ሥራው እዚያ ያልቃል። አየለ ሣጥኑን ያስረክባል፣ ማሰሪያዎቹን ይጠቀልላል፣ ባዶ መኪናውን አዙሮ ይመለሳል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲጠይቁት «መንገዱ አስፋልት ሳይሆን» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም።

መኪናዋ የራሱ ነበረች፤ አሮጌ ላንድክሩዘር። ሲገዛት ለንግድ ብሎ ነበር፤ ለጨርቅ፣ ለሳፋና ለባልዲ። ሙታኑ አንድ ሁለት እያሉ ከሕያዋኑ ዕቃ ቀሟት። ባለፈው ዝናብ ከሞያሌ ሲመለስ ቱርቢ አጠገብ ሻንሲዋ ተሰነጠቀ። ደግነቱ ባዶዋን ነበረች። ተፈታትታ ተሸጠች። ለአየለ የተረፉት እነዚህ ማሰሪያዎችና፣ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረው ግራ ጉልበቱ ናቸው።

ዕድሩ እንግዲህ የራሱን መኪና ሊገዛ ነው። ምርጫው ወደ ሁለት ጠቧል። አንዱ ንጎንግ ሮድ ላይ ባለ የመኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ የቆመ፣ ከጃፓን ገና የገባ ፕራዶ ነው፤ አውቶማቲክ፣ እግር ያለው ሁሉ የሚነዳው። ሌላው ሩንዳ የሚኖር አንድ ሆላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲሄድ የሚሸጠው ረጅም አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ማርሹ በእጅ የሚገባ፣ ፍሪሲዮኑ ጠንካራ። በዕድሩ ውስጥ እንዲህ ያለውን መኪና በዚያ መንገድ የሚነዳ ከአየለ በቀር የለም። ወጣቶቹ እዚህ ያደጉ ናቸው፤ መኪና ሲነዱ ግራ እግራቸው ያርፋል።

በስብሰባዎቹ ስለ ሁለቱ መኪኖች ብዙ ተብሏል። ስለ ነዳጅ፣ ስለ መለዋወጫ፣ ስለ ቀለም ሳይቀር። ነጭ ይሁን ጥቁር በሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ተኳርፈዋል። አንድ ነገር ግን ማንም አላነሣም። በዕድሩ ዘንድ ሟች ሟች አይባልም፤ «መንገደኛው» ነው የሚባለው። ሣጥኑም «ዕቃው» ነው። ማንም ሳይሞት ስለ ዕቃው ርዝመትና ወርድ ማውራት፣ ሜትር ይዞ መኪና ውስጥ መግባት፣ ሞትን መጥራት ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ተከባብረው፣ ተፋፍረው፣ መንገደኛው የት እንደሚተኛ ሳይጠያየቁ፣ ፕራዶውን ሊገዙ ተቃርበዋል።

አየለ ፕራዶው ለመንገደኛው እንደማይበቃ ያወቀው በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። ሌላ ሰው እስኪያነሣው ጠበቀ። አልተነሣም። እያደር ዝምታው ተመቸው፤ እንደ ትራስ ተንተራሰው። ፕራዶው ከተገዛ የሚነዳው አይጠፋም። እሱም እቤቱ ይቀመጣል።

*

የኤልናታን መኪና ትንሽ ናት። ኤልናታን የዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ሥራው ቢሮ፣ ጠባዩ ቅን። ከፊት አጠገቡ ኪሌሌሽዋ ምግብ ቤት ያላት ጥሩወርቅ ተቀምጣለች፤ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሲደክማት ድምጿ የሚጨምር ሴት። ከኋላ ከአየለ ጋር የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ፍሥሐ አለ፤ በቀይ ጭቃ ቀን እንኳ ጫማው የሚያበራ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚጓዝ ሽማግሌ።

«ጋሽ አየለ፣ ሲሪየስሊ፣ ፕራዶውን ስታየው ትወደዋለህ» አለ ኤልናታን በመስታወቱ እያየው። «ሪቨርስ ካሜራ አለው። ኤርባግ አለው። ሞያሌ ደርሶ መልስ፣ ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም።»

«ጥሩ ነው» አለ አየለ።

«አንተም ታርፋለህ። እኔና ጓደኞቼ በተራ እንነዳለን።»

«ጥሩ ነው።»

ግቢው ውስጥ መኪኖቹ ታጥበው፣ ጎማቸው በቅባት ተወልውሎ፣ ተሰልፈዋል። ጆኒ የሚባል ክራባቱ ከቀበቶው የሚያልፍ ሻጭ ሮጦ ደረሰ። «ካሪቡ ማማ! ካሪቡ ምዜ!» አለ፣ ሴቲቱንና ሽማግሌውን በስዋሂሊ እየተቀበለ።

ኤልናታን ቁልፉን ተቀብሎ ገባና ሞተሩን አስነሣ። ከመኪናው ውስጥ አንዲት ሴት በቀጭን ድምፅ፣ በጨዋ ደንብ፣ በጃፓንኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለች ጥሩወርቅ።

ጆኒ ትከሻውን ነቀነቀ። «እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች።»

«በምን አወቀ? ውረዱ እያለችን ቢሆንስ?»

ጆኒ ወደ ጋሽ ፍሥሐ ዞረ። «ለምን ሥራ ነው የፈለጋችሁት፣ ምዜ?»

ጋሽ ፍሥሐ ጉሮሮውን ጠረገና በእንግሊዝኛ መለሰ። «ለረጅም መንገድ።»

«ሳፋሪ?»

«እንደዚያ ነው።»

«ስንት ሰው ትሆናላችሁ?»

ጋሽ ፍሥሐ አሰበ። «ሦስት፣ አራት። አንዱ የሚተኛ።»

«አሃ፣ ካምፒንግ!» አለ ጆኒ ፊቱ በርቶ። «ከኋላ ፍራሽ ይዘረጋል። ቆንጆ ይተኛል!»

ጥሩወርቅ ሻርቧን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ መኪናውን ዞረችው። ወደ ኋላው በር ስትደርስ ግን ሳቋ ቆመ። በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ጋሽ ፍሥሐ፣ እስቲ ወዲህ ይምጡ።»

«ምንድን ነው?»

«የት ነው የሚተኛው?»

«ማን?»

«ማን ይሆናል? መንገደኛው ነዋ!»

«ቀስ ብለው ይናገሩ እንጂ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ» አለ ጋሽ ፍሥሐ ጆኒን እየሰረቀ አይቶ።

«አማርኛ አይሰማ!»

«ኢስትሊ ያደገ ከሆነ ይሰማል።»

ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። አንዱን ከአንዱ ጎን አሰናድታ አስቀመጠች።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልተኛ። ስንት ሠርግና ተዝካር የደገስኩ ሰው ነኝ፤ ድስቱን ሳላይ ወጥ አልሠራም።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ጋሽ ፍሥሐ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ምን እንደሚያደርግበት ጠፍቶት መልሶ አደረገው።

የኋላ ወንበሮቹ ተጣጠፉ። ጥሩወርቅ እየተነፈሰች ወጣችና በጀርባዋ ተንጋለለች። ጆኒ አጨበጨበ። ጥቁር ካልሲ ያደረጉት እግሮቿ ከበሩ ወጥተው ተንጠለጠሉ።

«ጭንቅላቴ የፊተኛውን ወንበር ነክቷል» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «እግሬስ?»

«እግርሽ… እግርዎ ውጭ ነው፣ እትዬ» አለ ኤልናታን።

«ውጭ መሆኑንማ ነፋሱ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ገና ዕቃዬን አልለበስኩም!»

«ማማ፣ ይመቻል?» አለ ጆኒ።

«በጣም!» አለችው፤ ወዲያው በአማርኛ «አየለ! ና ግባ፣ አጠገቤ ቁጭ በል። ቤተሰቤ ነህ እንበል።»

አየለ ወደ በሩ ቀረበ። ቀኝ እግሩን አስገባ። አናቱ ጣሪያውን ነካ፤ አጎነበሰ። ቁጭ ሊል ሞከረ። በእሷና በመኪናው ጎን መካከል ለአንድ ሰው ጉልበት የሚሆን ቦታ አልነበረም። ግራ እግሩን ማጠፍ አቃተው፤ እንደ ቆመ፣ ማለት እንደ ጎበጠ፣ ቀረ። ከላዩ ሞላላ መብራት አለ። ከበታቹ ጥሩወርቅ ዓይኗን ገልጣ ታየዋለች።

«የት ልትቀመጥ ነው?» አለችው በዝግታ።

«ቦታ የለም።»

ኤልናታን ስልኩን አውጥቶ እያገላበጠ «ከላይስ?» አለ። «ጣሪያው ላይ መጫኛ አለው። እዚህ አገር ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ቤተሰብ ከታች ይቀመጣል።»

«አናት ላይ?» አለ ጋሽ ፍሥሐ። «እንደ ሶፋ?»

«አይ… ኦኬ። ወይ ደግሞ የፊቱን ወንበር አጥፈን እናስገባዋለን፤ ቤተሰብ በሌላ መኪና ይከተላል።»

«ሙሉሸዋን በሌላ መኪና ታስከትላት ነበር?» አለች ጥሩወርቅ ከተኛችበት።

ኤልናታን ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሙሉሸዋን ሁሉም ያውቃታል፤ ባሏ እዚህ የሞተባት፣ በአየለ መኪና የሸኘችው ሴት ናት። መንገዱን ሁሉ ከኋላ፣ በጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ መዳፏን ሣጥኑ ላይ አድርጋ ሄደች። አላለቀሰችም። አየለን በየጊዜው «የት ደረስን?» ትለዋለች፤ እሱ «ኢሲዮሎ» ሲላት፣ «ላይሳሚስ» ሲላት፣ ዝቅ ብላ ለባሏ ትነግረዋለች። «ላይሳሚስ ደረስን እኮ። ነፋስ ነው፤ ምንም አይታይም።» ሞያሌ ሲደርሱ ድምጿ ተዘግቶ ነበር።

ጥሩወርቅ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። አሁንም ጎብጦ የቆመውን ሰው አየችው።

«አንተ አየለ። ይህን አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«መቼ?»

«ከመጀመሪያውም።»

ጋሽ ፍሥሐ በሩን ያዘ። «ከመጀመሪያው! ታዲያ ምን ነካህ? እኛስ አፍረን ነው፣ ፈርተን ነው። አንተ ግን ሥራህ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?»

አየለ ወረደ። መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን በእጁ አንሥቶ።

«ደክሞኛል፣ ጋሼ» አለ።

ጉልበቱን በመዳፉ እያሸ ቆመ።

*

ወደ ሩንዳ ሲሄዱ መኪናው ውስጥ የሚሰማው የስልኩ መንገድ አመልካች ብቻ ነበር፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ጋሽ ፍሥሐ አንድ ጊዜ «ከዕድር እኮ ደክሞኛል ተብሎ አይወጣም፤ መንገደኛ ተሆኖ ነው» ብሎ ለመቀለድ ሞከረ። ማንም አልሳቀም። ራሱም ቀልዱን እንደ መራራ ፍሬ አፉ ውስጥ ይዞት ቀረ፤ ትንሽ ቆይቶ አየለን ጉልበቱን መታ መታ አደረገው። የመታው የታመመውን ነበር።

ጥሩወርቅ ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ ወደ ኋላ ዘረጋች። አየለ ተቀበላት። ላጣት። አልበላትም፤ መልሶ ጠቀለላት። ምርቃት እቤት ሆና የምትጠብቀውን ያስባል። ለመናገር ነበር የተላከው፤ ሲናገር የወጣው ሌላ ነገር ሆነ። አሁን አሮጌውን ይገዙታል። ማነው የሚነዳው ሲባል፣ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ሰው ይዞራል። እሱ ደግሞ ዓይን ሲያየው እምቢ ማለት ሳይማር ያደገ ሰው ነው።

የሐኪሙ ግቢ ዛፉ ከቤቱ ይበልጣል። በረኛው ከፈተላቸው። መኪናው ከዛፎቹ ሥር ቆሟል፤ ረጅም፣ አመድማ፣ አንድ ጎኑ ላይ የቆየ ጭረት ያለበት። ሐኪሙ ቁምጣ ለብሶ መጣ። ስዋሂሊው የገጠር ሰው ስዋሂሊ ነው።

«ለምን ፈለጋችሁት?» አለ።

ጋሽ ፍሥሐ «ለረጅም…» ብሎ ሲጀምር፣ ጥሩወርቅ ቀደመችው። «ሙታኖቻችንን ልንሸኝበት ነው» አለች በስዋሂሊ።

ሰውዬው ራሱን ዝቅ አደረገ። «ፖሌኒ» አለ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ እንደ ማለት። ከዚያ ሄዶ የኋላውን ሁለት በሮች ግራና ቀኝ ከፈታቸው። «ጥጃ ተኝቶበታል። የግመል ልጅም ተኝቶበታል። ተርፈው የተመለሱም አሉ።» ቁልፉን ሰጥቷቸው፣ እነሱ በራሳቸው ጊዜ ይዩት ብሎ ወደ ቤት ገባ።

ውስጡ ባዶ ብረት ነው። በሁለቱም ጎን ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚዎች አሉ፤ መካከላቸው ሰፊ ወለል። ወለሉ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ የማሰሪያ ቀለበቶች ተበይደዋል። አየለ አንዱን ቀለበት በጣቱ ሳበው። አልተነቃነቀም።

ጥሩወርቅ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል፣ ጋሽ ፍሥሐ እጁን አነሣ።

«እርስዎ አንድ ጊዜ ተኝተዋል። አሁን ተራው የእኔ ነው።»

«ኧረ ጋሽ ፍሥሐ!»

«ከእናንተ ረጅሙ እኔ ነኝ። ደግሞ ይህን ሁሉ ፍራቻ ያመጣሁባችሁም እኔ ነኝ።» የሚያበሩ ጫማዎቹን አወለቀ፣ ኮቱን አጥፎ ለኤልናታን ሰጠ፣ ወጥቶ ተንጋለለ። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ። እግሩ በሩን አልደረሰም። «ግቡ እንጂ» አለ ከወለሉ። «ብቻዬን ልትልኩኝ ነው?»

ጥሩወርቅ በአንዱ ጎን ተቀመጠች። አየለ በሌላው። አግዳሚው ከፍ ያለ ነው፤ ግራ እግሩ ተዘርግቶ ከሽማግሌው ጎን ገባ፣ ማንንም አልነካም። የዛፎቹ ጥላ በመስኮቱ ገብቶ ጋሽ ፍሥሐ ፊት ላይ ይመላለሳል። ጥሩወርቅ እጇን ሳታስበው በሽማግሌው ክንድ ላይ አድርጋለች።

አየለ ከዚህ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ከፊት ነበር። ከኋላው ሲያወሩ፣ ሲዘምሩ፣ አንዳንዴ ሲጣሉ ይሰማል፤ ዓይኑ ግን መንገዱ ላይ ነው፤ ግመል አለ፣ ፍየል አለ፣ ኬላ አለ። ሙሉሸዋ ስትናገር ጀርባው ነበር የሰማት።

«ሰፊ ነው» አለ ጋሽ ፍሥሐ።

«እንግዲህ ይነሡ» አለች ጥሩወርቅ።

«ቆዩ እስቲ። ከጠዋት ጀምሮ ገና አሁን ጋደም ማለቴ ነው።»

ኤልናታን በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱንም፣ ከዚያ አየለን አየ። ኮቱን በጥንቃቄ አግዳሚው ላይ አኖረ። «ማን ነው ታዲያ የሚነዳው?» አለ። ጥያቄው ወጣ። አየለ ወለሉን አየ።

ጥሩወርቅ «አንተ» አለችው ኤልናታንን።

«እኔ? እትዬ፣ ማኑዋል እኮ ነው። ነድቼ አላውቅም፤ ኔቨር።»

«ቁልፉን ይዘህ ግባ።»

ኤልናታን ዞሮ ከፊት ገባ። ሞተሩ ሲነሣ መኪናው ሁሉ እንደ ሽማግሌ ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ። ግራ እግሩን ሲያነሣ መኪናው ዘለለና ሞተሩ ጠፋ። በሩ አጠገብ የቆመው በረኛ ሳቀ።

«እኔ ሳልወርድ?!» አለ ጋሽ ፍሥሐ።

እንደገና አስነሣው። እንደገና ጠፋ። ኤልናታን ከፊት ሆኖ ዞሮ አየ፤ ጆሮው ቀልቷል። «ጋሽ አየለ፣ መጥተህ ያዘው እባክህ።»

አየለ ሊነሣ እጁን በአግዳሚው ላይ ተመረኮዘ። የመኪናው ጠረን፣ የናፍጣው፣ የቆዳው፣ ይጠራዋል፤ እግሩም ያውቀዋል።

«አይመጣም» አለች ጥሩወርቅ። አየለን አላየችውም። «ከዚያው ይንገርህ።»

አየለ እጁን ከአግዳሚው ላይ አነሣ። ጀርባውን ወደ ብረቱ መለሰ።

«ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጥ» አለ። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «አንደኛ ማርሽ አስገባ። ነዳጅ አትስጠው። አሁን ቀስ ብለህ ልቀቅ… ቀስ። ሲንቀጠቀጥ ይሰማሃል፤ እዚያ ላይ ትንሽ ቁም። እሱ ራሱ ይሄድልሃል።»

መኪናው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሄደ። እንደ በሬ፣ ሳይቸኩል፣ ከዛፎቹ ሥር ወጥቶ ግቢውን መዞር ጀመረ። አየለ ግራ እግሩ በራሱ ጊዜ ወለሉን እየረገጠ እንደሆነ አየ። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ረገጠ፤ ሲወጣ ለቀቀ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘው። ከሁለተኛው ዙር በኋላ እግሩ ተወ።

«ሾፌር!» አለ ከወለሉ ሽማግሌው። «ቀስ፤ ሞያሌ ማንም አይቸኩልብኝም!»

ኤልናታን በመስታወቱ ሳቀ። ጥሩወርቅም ሳቀች፤ ስትስቅ ዓይኗን በሻርቧ ጫፍ ጠረገች።

*

አየለ እቤት ሲደርስ ምርቃት ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ ፊቱን አየችው።

«የትኛውን?»

«አሮጌውን።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «አላልኩህም? አብረህ ተገዛህ።»

«አልተገዛሁም። ኤልናታን ነው የሚነዳው።»

«ያ ልጅ? በማርሽ?»

«ዛሬ ጀመረ። ግቢ ውስጥ አዞረን። ከመውጣታችን በፊት ደግሞ አበባ ላይ ወጣ።»

«ከኋላ ማን ነበር?»

«ጋሽ ፍሥሐ። ተኝቶ።»

ምርቃት ለመሳቅ ፈለገች፤ ግን ሳቁን ለኋላ አቆየችው። «እሺ፤ እስኪለምድ ድረስስ? ነገ ሰው ቢሞት?»

አየለ ጫማውን አወለቀ። «ለመጀመሪያው አጠገቡ እቀመጣለሁ። መንገዱን ላሳየው።»

«ለሁለተኛውስ?»

«ለሁለተኛው…» አለና ቆመ። «ደክሞኛል አልኳቸው፣ ምርቃት።»

«አንተ? በአፍህ?»

«በአፌ።»

ምርቃት ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ምስሩ ተመለሰች፤ አንድ ጠጠር አንሥታ በጣቶቿ መካከል አሽከረከረችው፣ ጣለችው። «ምን አሉህ?»

«ጥሩወርቅ ከረሜላ ሰጠችኝ።» ኪሱን ዳበሰ፤ አሁንም አለች። ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አኖረላት።

በረንዳው ላይ ማሰሪያዎቹ ደርቀዋል። ፀሐዩ አንድ ጎናቸውን ነክቶ የድሮውን ብርቱካናማ ትንሽ አውጥቶታል። አየለ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ግራ እግሩን ዘረጋ፣ አንደኛውን አንሥቶ ከጫፉ ጀምሮ መጠቅለል ያዘ። ጠበቅ አድርጎ፣ ጠርዝ ከጠርዝ እያስተካከለ። ብረቱ መንጠቆ ወደ ውስጥ፣ እጅ እንዳይቧጥጥ። ከዚያ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ የላላ ክር ነበር፤ በጥርሱ ቆረጠው። አራተኛውን ሲጨርስ ሁሉንም በሸራ ከረጢቱ ውስጥ ጎን ለጎን ደረደራቸውና አፉን አሰረው።

ከረጢቱ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከአልጋው ሥር ነበር። አየለ እያነከሰ ይዞት ገባ፣ መኝታ ቤቱን አለፈ፣ ኤልናታን ሲመጣ የሚወስድበት ቦታ፣ ከበሩ ጀርባ፣ አስቀመጠው።